«መድኃኒቱ የለም» ሲባሉ ወዴት ይሄዳሉ?



አንዲት እናት የጤና መድን ደብተራቸውንና የመድኃኒት ማዘዣ ይዘው ወደምሠራበት መድኃኒት ቤት መጡ። መዋጮአቸውን በወቅቱ ከፍለዋል። ጤና ጣቢያው ግን ለሦስተኛ ጊዜ «የለም፣ ከውጭ ግዙ» ብሏቸዋል። ዋጋውን ስነግራቸው ማዘዣውን አጥፈው «አላህ ያውቃል» ብለው ወጡ። የደም ግፊት መድኃኒት ነበር፤ ሲቋረጥ ለስትሮክ ያጋልጣል። አቤቱታ አቅርበው እንደሆነ አለመጠየቄ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ሰብር ማድረግ ማለት ሐቅን ጥሎ መሄድ ማለት አይደለም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 መሠረት መንግሥት ለሕዝብ ጤና አገልግሎት በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት የመመደብ ግዴታ አለበት። የመንግሥት መሥሪያ ቤት አስተዳደራዊ በደል ሲያደርስ ደግሞ አቤቱታ የሚቀበል አካል አለ፤ እርሱም በአዋጅ ቁጥር 211/1992 የተቋቋመው የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ነው። ተጠሪነቱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው።

ለምሳሌ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት፣ የሕፃናት ክትባትና በጤና ጣቢያ የሚሰጥ የወሊድ አገልግሎት በመንግሥት ተቋማት በነፃ የሚሰጡ ናቸው። ክፈሉ ከተባሉ፣ ያለ በቂ ምክንያት ካመላለሱዎት ወይም ለአቤቱታዎ መልስ ከነፈጉዎት ጉዳዩ የእንባ ጠባቂው ነው። ተቋሙ ይመረምራል፤ በስምምነት እንዲፈታ ይጥራል፤ ካልሆነም የመፍትሔ ሐሳብ ያቀርባል። ይሁን እንጂ ፍርድ ቤት አይደለም፤ በፍርድ ቤት የተያዘ ጉዳይም አያይም። የሕክምና ስሕተት ደርሶብኛል የሚል ሰው ደግሞ አቤቱታውን ለጤና ባለሙያዎች ሥነ ምግባር ኮሚቴ ያቀርባል።

ታዲያ ምን ያድርጉ?

1. ማዘዣውን፣ ደረሰኙንና የመድን ደብተሩን ቅጂ ያስቀምጡ። የሄዱበትን ቀንና የተሰጠዎትን መልስ ይጻፉ።

2. መጀመሪያ ለጤና ጣቢያው ኃላፊ ወይም ለቅሬታ ሰሚው፣ ቀጥሎ ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ያመልክቱ። ማመልከቻው የገባበትን ቀን በቅጂዎ ላይ ያስፈርሙ።

3. መልስ ካጡ ወደ እንባ ጠባቂው ይሂዱ። ዋናው መሥሪያ ቤት አዲስ አበባ ሲሆን በባሕር ዳር፣ በሐዋሳና በድሬዳዋ ጭምር ቅርንጫፎች አሉት። አቤቱታ በነፃ ነው፤ መጻፍ የማይችል በቃሉ ያስረዳል። ለታመመ ሰው ቤተሰቡ ሊያመለክትለት ይችላል።

አደራ የምላችሁ ግን አቤቱታው እስኪታይ መድኃኒቱን አታቋርጡ። ወደ ሐኪሙ ተመልሳችሁ «በጤና ጣቢያው ካለው ይቀየርልኝ» በሉ፤ ብዙ ጊዜ ምትክ ይገኛል። መስጊድ ስትሄዱም ማንበብ ለማይችሉ እናቶችና አባቶች ይህን አስረዱልኝ፤ ማመልከቻ የሚጽፍላቸው ልጅም አይጥፋ።

አላህ ጤናችንን ይጠብቅልን። ወሰላሙ ዐለይኩም።