ስኳሩ ታወቀ፤ ክኒኑ ይጀመር ወይስ ይቆይ?

የስኳር ሕመም አለብህ የተባለ ሰው ከሐኪሙ ክፍል ሲወጣ በአእምሮው የሚመላለሰው ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፡፡ ‹‹ክኒኑን ከአሁኑ ልጀምር ወይስ በምግብና በእንቅስቃሴ ልታገለው?›› ጥያቄው ቦሌም ሞጣም ቢጠየቅ ያው ነው፡፡ መልሱ ግን ያው አይደለም፤ ችግሩም የሚጀምረው ለአንዱ የተሰጠውን መልስ ሌላው ሲዋሰው ነው፡፡

ሁለት ወንድማማቾችን በምናባችን እንያቸው፡፡ ታላቅየው ሞጣ ከተማ ውስጥ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፡፡ ቀኑን ወንበር ላይ ይውላል፣ ማታ ቢራና ጥብስ አያጣም፣ ቦርጩም ወጣ ብሏል፡፡ ታናሽየው እዚያው ሁለት እጁ እነሴ ወረዳ ገጠር ውስጥ ጤፍ የሚያርስ ከሲታ ገበሬ ነው፡፡ ሁለቱም በባዶ ሆድ ተለክተው ስኳራቸው ከ126 ሚሊ ግራም በላይ ሆኗል፤ በሌላ ቀን ተደግሞም ተረጋግጧል፡፡ በሽታው አለ ለማለት የተቀመጠው ወሰን 126 ነውና ሁለቱም ታማሚዎች ናቸው፡፡

ታላቅየው ‹‹ልታገለው›› ቢል ምክንያት አለው፡፡ እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣው ዳይሬክት የተሰኘ የብሪታኒያ ጥናት፣ ከመጠን በላይ የወፈሩ የስኳር ሕመምተኞችን መድኃኒታቸውን አስቁሞ ከሦስት እስከ አምስት ወራት በቀን 850 ካሎሪ ገደማ ብቻ እንዲወስዱ አደረገ፡፡ በዓመቱ 46 በመቶ የሚሆኑት ያለ መድኃኒት ስኳራቸው ከበሽታው ወሰን በታች ወርዶ ተገኘ፡፡ 15 ኪሎና ከዚያ በላይ ከቀነሱት መካከልማ 86 በመቶው! በሁለተኛው ዓመት ግን 46 በመቶው ወደ 36 ወርዷል፡፡ ጥናቱ የተቀበለው በሽታው ከታወቀባቸው ከስድስት ዓመት ያልበለጡትንና ኢንሱሊን የማይወስዱትን ብቻ እንደነበረም መዘንጋት የለበትም፡፡

850 ካሎሪ ማለት ‹‹ሻይ ያለ ስኳር›› ማለት አይደለም፡፡ የእኛ ሰው ስኳር ተው ሲባል ሻዩን መራራውን እየጠጣ ሦስት እንጀራ ያነሳል፡፡ ጤፍ በብረት ማዕድኑ ስለተመሰገነ ስኳር የማይጨምር የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፡፡ እንጀራ ከጤፍም ቢሆን በአብዛኛው ስታርች ነው፤ ሆድ ውስጥ ሲገባ ስኳር ይሆናል፡፡ ስለዚህ የሚቀነሰው እንጀራው፣ የሚጨመረው ጎመኑና ምስሩ ነው፡፡ ማርም ከጎጃም ስለመጣ ምሕረት አያገኝም፡፡

ለመሞከር የፈለገ ሰው ሙከራውን እንደ ፍርድ ገደብ እንዲያየው እመክራለሁ፡፡ ፍርድ ቤት ቅጣት ሲገድብ ጥፋተኛውን ነፃ ማለቱ አይደለም፤ የፈተና ጊዜ ይወስናል፣ ግዴታ ያስገባል፣ ግዴታው ከፈረሰ ቅጣቱ ይፈጸማል፡፡ እዚህም የፈተናው ጊዜ ሦስት ወር ቢሆን ይበቃል፡፡ ቁጥሩን ከኪሴ አላወጣሁትም፡፡ ስኳር በቀይ የደም ሴል ላይ ይጣበቃል፤ ሴሉ ደግሞ የሚኖረው 120 ቀን ገደማ ነው፡፡ ኤች.ቢ.ኤ.ዋን.ሲ የሚባለው ምርመራ የሚለካው ያንን የተጣበቀ ስኳር በመሆኑ የወራቱን ምግባር ይመሰክራል፡፡ ለምርመራው ዋዜማ ብቻ የጾመ ሰው አያታልለውም፡፡ ቀጠሮና ምርመራ የሌለው ‹‹እየሞከርኩ ነው›› ግን በሽታውን በነፃ መልቀቅ ነው፡፡

ወደ ታናሽየው እንምጣ፡፡ ለእሱ ‹‹ክብደት ቀንስ፣ በእግርህ ሂድ›› የሚል ምክር ስድብ ነው፡፡ ቀኑን ሙሉ ሲሄድ የሚውል፣ የሚቀንሰው ሥጋም የሌለው ሰው ነው፡፡ የጎንደሯ ሐኪም ሽታዬ ዓለሙና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት፣ በጎንደርና በጅማ ገጠሮች ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው ሕመምተኞች በብዛት ድሆችና ከሲታዎች መሆናቸውን አሳይተው ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘ የስኳር ዓይነት ጉዳይ እንደገና እንዲታይ ጠይቀው ነበር፡፡ ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን ይህን መሰሉን ሕመም ‹‹አምስተኛው ዓይነት›› ብሎ የተቀበለው በ2017 ዓ.ም. ነው፡፡ እንግዲህ ሰውየው ከሲታ ከሆነ፣ በተለይም እየከሳ፣ ውኃ እየጠማውና ሽንት እየበዛበት ከመጣ፣ ሁለተኛው ዓይነት ነው ብሎ ሦስት ወር ማስጠበቅ አደገኛ ነው፡፡ ምናልባት የሚያስፈልገው ኢንሱሊን ይሆናል፤ ያውም ዛሬውኑ፡፡ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ በተካሄደው ግጭት መንገድ ሲዘጋ መድኃኒት መቆራረጡ ደግሞ ከሁሉ በፊት የሚጎዳው ይህንን ሰው ነው፤ ከተሜ ወንድም ካለው የሚቀጥለውን ወር ኢንሱሊን አስቀድሞ ይፈልግለት፡፡

ክኒኑን የሚፈሩ ሰዎች ሁለት ክስ ያቀርባሉ፡፡ አንደኛው ‹‹ኩላሊት ይጎዳል›› የሚል ነው፡፡ ኩላሊትን የሚጎዳው ቁጥጥር ያጣው ስኳር ነው፤ ሜትፎርሚን የሚቀነሰው ወይም የሚቆመው ኩላሊት ከተዳከመ በኋላ ስለሆነ ተከሳሹ ተምታቷል፡፡ ሁለተኛው ‹‹ኬሚካል ነው፣ ተፈጥሮ ይሻላል›› የሚል ነው፡፡ የሜትፎርሚን የዘር ሐረግ ግን በመካከለኛው ዘመን አውሮፓውያን ለመድኃኒትነት ይጠቀሙበት ወደነበረ ተክል ይደርሳል፡፡

ሐኪሞች አብዛኛውን ጊዜ ክኒኑንና የአኗኗር ለውጡን አብረው ማዘዛቸው ያለ ምክንያት አይደለም፡፡ በሽታው ገና የታወቀባቸውን ሰዎች የተከታተለው ታላቁ የብሪታኒያ ጥናት እ.ኤ.አ. በ1998 እንዳሳየው፣ ስኳርን አጥብቆ መቆጣጠር እንደ ዓይንና ኩላሊት ያሉ ጥቃቅን የደም ሥሮችን ጉዳት በ25 በመቶ ቀንሷል፡፡ ከአሥር ዓመት በኋላ የሁለቱ ቡድኖች የስኳር መጠን ተመሳስሎ እንኳ ቀድመው የተቆጣጠሩት ብልጫቸው አልጠፋም፡፡ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ዋጋቸው ከፍ ያለ ነው፡፡

የሞጣ ሰው ከሐኪሙ ጋር ሊነጋገርበት የሚገባ ሌላ ጉዳይ ጾም ነው፡፡ ሜትፎርሚን ብቻውን ስኳርን ከመጠን በታች የሚጥለው ከስንት አንዴ ነው፡፡ ግሊቤንክላማይድና ኢንሱሊን ግን እንደዚያ አይደሉም፤ ጠዋት ወስዶ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምግብ የማይቀምስ ሰው ቅዳሴ ላይ ሊወድቅ ይችላል፡፡ ፍትሐ ነገሥት ስለ ጾም በሚደነግገው በ15ኛው አንቀጹ ለታመመ ሰው ያቀልላል፤ የንስሐ አባትም ይህን ያውቃሉ፡፡ ለመጾም የቆረጠ ደግሞ ዐቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት ለሐኪሙ ይንገር፤ የመድኃኒቱ ዓይነትም ሆነ የሚወሰድበት ሰዓት ሊቀየር ይችላል፡፡