ከቤት ውጭ ስለሚቀርብ ማዕድ፤ በሰበታ፥ በቡራዩና በሱሉልታ

ቀድሞ በአገራችን እንጀራን በገንዘብ ገዝቶ መብላት እንደ ነውር ይቈጠር ነበር። መንገደኛ በመሸበት ጊዜ «የእግዜር እንግዳ» ብሎ ደጅ ይመታል፤ ባለቤቱም እግሩን አጥቦ፥ ከመሶቡ አካፍሎ ያሳድረዋል። መኳንንቱም በየአዳራሻቸው ግብር ያበሉ ነበር እንጂ በሰው ደጅ ዋጋ ከፍለው ለመብላት አይቀመጡም ነበር። ስለዚህ እቴጌ ጣይቱ በ1900 ዓ.ም. ግድም በአዲስ አበባ ሆቴል ባቋቋሙ ጊዜ ለመብላት የሚደፍር ሰው ጠፋ ይባላል። ዳግማዊ ምኒልክም መኳንንታቸውን አስከትለው ሄደው፥ ከበሉ በኋላ ሒሳቡን ራሳቸው ከፍለው፥ ነገሩ የሚያሳፍር አለመሆኑን በሥራ አሳዩ እየተባለ ሲነገር ኖሯል። ያ ሆቴል በጥር 2007 ዓ.ም. የእሳት አደጋ ቢደርስበትም ስሙ እስከ ዛሬ አልጠፋም።

ዛሬ ጥያቄው «በገንዘብ መብላት ነውር ነውን?» መሆኑ ቀርቶ «በየትኛው ቤት፥ ከማን ጋራ፥ በምን ያህል ዋጋ?» የሚል ሆኗል። ይልቁንም ልጁን ወደ ኮሌጅ የላከ ወላጅ ሊጠይቅ በሄደ ጊዜ ይህ አሳብ ሳይገጥመው አይቀርም። ስለዚህ በዛሬው የቤተ ሰብ ገጻችን በአዲስ አበባ ዙሪያ ስላሉት ስለ ሦስቱ ከተሞች ማዕድ ጥቂት ልንገልጽ ወደድን። እነዚህ ከተሞች በ2015 ዓ.ም. ከሌሎች ጋራ ተጠቃለው በኦሮሚያ ክልል የሸገር ከተማ ክፍሎች ሆነዋል፤ ነገር ግን እያንዳንዳቸው ስማቸውንና ጠባያቸውን አልለቀቁም።

ሰበታ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምዕራብ በጅማ መንገድ ላይ ትገኛለች። ወደ ጅቡቲ የሚወርደውና በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው በኤሌክትሪክ የሚሠራ የባቡር ሐዲድ መነሻው በዚች ከተማ ነው። ዕውቁ የመርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት፥ እንዲሁም ልዩ ፍላጎት ላላቸው ልጆች መምህራን የሚሠለጥኑበት ኮሌጅ በዚያው አሉ። የጅማ መንገድ በወሊሶ አልፎ ወደ ጉራጌ አገር የሚያደርስ ስለ ሆነ፥ በመንገዱ ዳር ክትፎ ከነቆጮውና ከነአይቡ፥ ጎመኑም ተጨምሮ ሲቀርብ ማየት የተለመደ ነው።

ቡራዩ በስተ ምዕራብ በአምቦ መንገድ ላይ ናት። ለአዲስ አበባ ውሃ ከሚሰጡት ግድቦች አንዱ ገፈርሳ በአጠገቧ ይገኛል። ወደ ሆለታና ወደ አምቦ የሚያልፈው መንገደኛ ስለሚበዛባት ሥጋ ቤቶቿ ሥራ አይፈቱም፤ ተመጋቢው ከተሰቀለው ሥጋ ይመርጣል፥ በኪሎ ይመዘንለታል፥ ከዚያም በሸክላ ተጠብሶ ከነፍሙ ይቀርብለታል።

ሱሉልታ ደግሞ እንጦጦን ተሻግረው በጎጃም መንገድ ሲወርዱ የምትገኝ የሣርና የወተት አገር ናት። ከፍታዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2700 ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ ሯጮች ለልምምድ ይመርጧታል፤ ቀነኒሳ በቀለ ያሠራው የመሮጫ ሜዳ በዚያ ይገኛል፥ እንግሊዛዊው ሞ ፋራህም በዚያ ልምምድ አድርጓል። በዚህ ምክንያት ሰፊ የአትክልት ቦታ ያላቸው፥ ነጭ የገበታ ልብስ የተዘረጋባቸው ማረፊያዎች ተሠርተዋል። በአካባቢው ባላገር ቤት ግን የክብር ምግብ ተብሎ የሚቀርበው ከገብስ ዱቄትና ከቅቤ የተለወሰው ጭኮ ነው፤ ይህን የቀመሰ ሰው የገበታ ልብሱ ቢቀር አይቈጭም።

እንግዲህ ማዕዱ በሁለት ይከፈላል። አንደኛው ተማሪውና ሠራተኛው የሚዘወትረው ትንሽ ምግብ ቤት ነው። በዚህ ቤት ሽሮው በሸክላ ድስት እየተንተከተከ ይመጣል፤ ረቡዕና ዓርብ በጾም ቀን ምስሩ፥ ክኩ፥ ጎመኑና ድንቹ በአንድ ትሪ ላይ በያይነቱ ይደረደራል። ብዙዎቹ ተመጋቢዎች «ኮንትራት» በሚባል ውል የወሩን ዋጋ አስቀድመው ከፍለው በየቀኑ ይበላሉ። ገንዘብ ያጠረው በዱቤ ይበላል፤ ባለቤቲቱም በደብተር ትጽፍበታለች። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችም ከግቢው ማዕድ ይልቅ ገንዘቡን ተቀብለው እንዲህ ባለ ቤት ተሰብስበው የሚበሉ ተማሪዎች አሉ።

ሁለተኛው አሳላፊዎቹ አንድ ዓይነት ልብስ የለበሱበት፥ የምግቡ ዝርዝር በወረቀት የሚቀርብበት ከፍ ያለ ቤት ነው። በዚህ ቤት በዝርዝሩ ላይ በተጻፈው ዋጋ ላይ 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ፥ በብዙዎቹም ዘንድ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ሊታከልበት ስለሚችል፥ አስተዋይ የቤተ ሰብ አባት ከማዘዙ በፊት ይህን ይጠይቃል። መጠየቁ ንፍገት አይደለም፤ ሒሳብ በመጣ ጊዜ በእንግዳ ፊት ከመከራከር ያድናል።

ከሁለቱ የትኛው ይበልጣል ለሚለው አንድ የምናውቀው ሹም የደረሰበትን ብንነግር መልስ ይሆናል።

ይህ ሰው ከሩቅ ወረዳ ሲመጣ ሴት ልጁ በሰበታ ትማር ነበር። ስለ ሱሉልታ ማረፊያዎች ብዙ ሰምቶ ስለ ነበር ልጁን ወደዚያ ወስዶ ሊጋብዛት አሰበ። እርስዋ ግን «አባባ፥ አስቀድመው እኔ የምበላበትን ቤት ይዩልኝ» ብላ ለመነችው። ጣራው ቆርቆሮ፥ ግድግዳው ጭቃ ወደ ሆነ፥ አራት አግዳሚ ወንበር ብቻ ወዳለበት ቤት በገባች ጊዜ ፊቱ ጠቈረ፤ «የእኔ ልጅ በዚህ ትበላለችን?» ሲል በልቡ አዘነ።

ባለቤቲቱ በዕድሜ የገፉ እናት ነበሩ። ውሃ አምጥተው እጁን አስታጠቡት፤ ሽሮውንም አቀረቡ። በልቶ ከጨረሰ በኋላ ልጅቱ እያፈረች ምስጢሩን ገለጸችለት። ባለፈው ዓመት ደመወዙ ዘግይቶ ገንዘብ ባልላከላት ጊዜ ሦስት ወር ሙሉ ከዚያ ቤት በዱቤ በልታለች። አባቷ እንዳይጨነቅ ብላ አልጻፈችለትም፤ ባለቤቲቱም አንድ ቀን እንኳ አልጠየቋትም። ይልቁንም በፈተና ሰሞን ስትዘገይ ድርሻዋን በመሶብ ከድነው ያቈዩላት ነበር።

አባትየው ይህን በሰማ ጊዜ ደብተሩ እንዲመጣለት አዘዘ፤ የተጻፈውን አይቶም እጥፉን ቈጥሮ ሰጠ። እርሳቸው ግን ትርፉን መልሰው «ጌታዬ፥ የበላችበትን ይክፈሉኝ፤ የወደድኋትን ግን አልሸጥም» አሉት። ሹሙም መልስ አጣ። በአገሩ ግብር ያበላ የነበረ የሹም ልጅ፥ ልጁ የእግዜር እንግዳ ሆና በሰው መሶብ መኖሯን ያን ቀን ዐወቀ።

በሚቀጥለው እሑድ ልጁንና ባለቤቲቱን ይዞ ወደ ሱሉልታ ሄደ። ከሁሉ በላይ ባለው ወንበር እርሳቸውን አስቀመጣቸው። አሳላፊው ጎንበስ ብሎ ምግቡን ባቀረበ ጊዜ እኒያ እናት ለመነሣትና ሳሕኑን ለመቀበል ቃጡ፤ ልጅቱ ክንዳቸውን ይዛ «እማማ፥ ዛሬ ይቀመጡ» አለቻቸው። ሠላሳ ዓመት ያህል ሰው ሲያበሉ ኖረው፥ ሌላ ሰው አቅርቦላቸው መብላታቸው የመጀመሪያ ጊዜ ነበርና ዕንባቸው መጣ። ሹሙ በኋላ እንደ ነገረን፥ በዚያ ቀን የከፈለው ሒሳብ ከፍ ያለ ነበር፤ ነገር ግን በዕድሜው እንደዚያ ደስ ብሎት የከፈለው ገንዘብ የለም።

ስለዚህ አንባብያን ሆይ፥ ልጃችሁን ለመጠየቅ ስትሄዱ እነዚህን ነገሮች ብታስቡ መልካም ይመስለናል።

አንደኛ፥ ልጁ ዘወትር የሚበላበትን ቤት አስቀድማችሁ እዩ፤ የቤቱን ትንሽነት አትናቁ፥ ንጽሕናውን ግን መርምሩ። የእጅ መታጠቢያ ውሃና ሳሙና መኖሩን፥ ዕቃው የሚታጠብበት ውሃ ንጹሕ መሆኑን፥ ወጡም ተከድኖ መቀመጡን ተመልከቱ።

ሁለተኛ፥ ወተት ካልፈላ አትጠጡ፤ ከጥሬ ወተት የሳንባ ነቀርሳና ሌላም በሽታ ሊተላለፍ ይችላልና። ጥሬ ሥጋና ለብ ለብ ያለ ክትፎም ቢጣፍጥ የኮሶ ትል እንደሚያመጣ አባቶቻችን ራሳቸው ያውቁት ነበር፤ ስለዚህ ለልጆች የበሰለውን እዘዙላቸው።

ሦስተኛ፥ ልጁ ዕዳ እንዳለበት ባለቤቲቱን በቀስታ ጠይቁ፤ ካለበት በልጁ ጓደኞች ፊት ሳታሳፍሩት ክፈሉ።

አራተኛ፥ አቅም ከፈቀደ ከፍ ወዳለው ቤት አንድ ቀን ውሰዱት፤ ሹካና ቢላዋ መያዝን፥ በዝርዝር ማዘዝን፥ አሳላፊን በትሕትና መናገርን ይማራልና። ይህም ነገ ሥራ በያዘ ጊዜ የሚያስፈልገው ዕውቀት ነው።

የገበታ ልብስ በገንዘብ ይገኛል፥ ያማረ አዳራሽም እንዲሁ። ልጃችን ከእኛ ርቆ ሳለ በልቶ ማደሩን የምትጠብቅ ዓይን ግን በዋጋ አትገኝም። እንዲህ ያለች እናት በልጃችን ከተማ ካለች፥ ወላጅ ሆኖ ሄዶ እጅ ሳይነሣላት መመለስ አይገባም።