ከሳሹ ማነው?

ሐምሌ 11 ቀን 1958 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ሄግ ላይ ተረታች። ከላይቤሪያ ጋር ሆና ክሱን የመሠረተችው ጥቅምት 25 ቀን 1953 ነበር። ተከሳሿ ደቡብ አፍሪካ ናት፤ ጉዳዩም በዛሬዋ ናሚቢያ ሕዝብ ላይ የተጫነው አፓርታይድ። ብዙ ዓመት ከፈጀ ክርክር በኋላ የዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት ዳኞች ሰባት ለሰባት እኩል ተከፈሉ፤ አውስትራሊያዊው ፕሬዚዳንት ፐርሲ ስፔንደርም በወሳኝ ድምፃቸው ሚዛኑን ወደ ደቡብ አፍሪካ ደፉት። ፍርዱ አፓርታይድ ልክ ነው አላለም፤ እዚያ ድረስም አልሄደም። ኢትዮጵያና ላይቤሪያ በጉዳዩ ላይ የራሳቸው መብት ወይም ጥቅም እንዳላቸው አላስረዱም ብሎ መዝገቡን ዘጋው። በእኛ በሞጣዎቹ አነጋገር «ምን አገባችሁ?» መባል ነው።

ይህን ፍርድ ሕግ ትምህርት ቤት ሳነበው ከውጤቱ ይልቅ ዓመቱ ነበር የገረመኝ። የእኛው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ የወጣው በዚያው በ1958 ዓ.ም. መስከረም ላይ ነው። አንቀጽ 33 ንዑስ አንቀጽ 2 በክሱ ነገር መብት ወይም ጥቅም የሌለው ሰው ከሳሽ መሆን አይችልም ይላል። ሁለቱ በሕግ አይገናኙም፣ አንዱ የአገር ሌላው የዓለም ነው፤ ግን አገሬ በመስከረም ለዜጎቿ ያወጀችውን ደንብ በሐምሌ ራሷ ላይ ሲነበብባት ማየት ያስቃልም ያናድዳልም። ደንቡ ከንቱ ነው እያልኩ አይደለም። እሱ ባይኖር በሰው ድንበር ገብቶ ችሎት ሲመላለስ የሚውል ነገረኛ ጎጃምን ሁሉ ባዳረሰ ነበር። ችግሩ የሚመጣው የተበደለው ሰው ለመክሰስ አቅም ወይም ድፍረት ሲያጣ ነው። ያኔ የሚያገባው አይከስም፤ የሚደፍረው ደግሞ አያገባህም ይባላል።

ይህን ሁሉ የማወራው በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ ስለጠየቃችሁኝ ነው። አንዳንዶቻችሁ ሕግ ተምራችሁ አሜሪካ ወይም አውሮፓ ሄዳችሁ ለጥቁር ሕዝብ መከራከር ትፈልጋላችሁ። ደግ ሐሳብ ነው፤ መጀመሪያ ግን የአንድ ወገናችንን መዝገብ አንብቡ።

ሙሉጌታ ሥራው ኅዳር 4 ቀን 1981 ዓ.ም. ፖርትላንድ፣ ኦሪገን ውስጥ ሲገደል 28 ዓመቱ ነበር። ጓደኞቹ በመኪና ቤቱ ደጃፍ ድረስ አምጥተውት ገና ሳይለያዩ ራሳቸውን የተላጩ ሦስት ነጭ ዘረኛ ወጣቶች ደረሱባቸው፤ አንዱ በቤዝቦል ዱላ ጭንቅላቱን መታው። ሦስቱ ወጣቶች ጥፋታቸውን አምነው እስር ቤት ገቡ። በብዙ አገር ነገሩ እዚህ ላይ ያልቃል። ነገር ግን አጎቱ እንግዳው ብርሃኑ የሟችን ውርስ ወክለው የፍትሐ ብሔር ክስ አቀረቡ። ክሱ ከገዳዮቹ አልፎ ካሊፎርኒያ የሚኖረውን ቶም ሜትዝገርን፣ ልጁን ጆንንና «ነጭ አርያን ተቃውሞ» የሚባለውን ድርጅታቸውን ጨመረ። ሜትዝገር ዱላ አልያዘም፤ የዚያን ሌሊት ፖርትላንድም አልነበረም። የከሳሽ ጠበቆች የተከራከሩት፣ ወኪሉን ልኮ ወጣቶቹን ያደራጀና ለጥቃት ያነሳሳ እሱ ነው ብለው ነው፤ የተላከው ሰው ራሱ ቀርቦ መሰከረ። ጥቅምት 1983 ዓ.ም. ለዳኝነት የተሰየሙት ተራ ዜጎች 12.5 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ፈረዱ። ከዚህ ገንዘብ በእጅ የገባው ጥቂቱ ቢሆንም ሜትዝገር ቤቱን አጣ።

ክሱን የመሩት ጠበቃ ሞሪስ ዲስ ነጭ ናቸው፣ ያውም የአላባማ ሰው። እሳቸውን ምን አገባቸው? በሕግ ዓይን ምንም። ያገባቸው አጎትየው ነበሩ፤ ጠበቃው ያመጡት ሙያቸውን ነው። አንድ ሐዘንተኛ ዘመድና ሥራውን የሚያውቅ ጠበቃ ካልተገናኙ ያ መዝገብ አይከፈትም ነበር። ለሙያው የጓጓሁት እዚህ ላይ ነው፤ ቆይቼ ግን ወደ ራሴ ከተማ ዞርኩ።

ሞጣ ውስጥ ማረሻውን የሚቀጠቅጠው፣ ምጣዱን የምትሠራው፣ ቆዳውን የሚያለፋው ሰው ምን እንደሚባል የማያውቅ የለም። ጠይብ፣ ፋቂ፣ ቡዳ፣ ሌሊት ጅብ ሆኖ የሚያድር። ከእጃቸው የወጣው ዕቃ ጓዳችንን ሞልቶታል፤ ጋብቻ ሲነሳ ግን አጥንት ይቆጠራል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጆች እንዳይሰደቡ አዋጅ አስነግረው ነበር፤ እኛ ዘንድ የደረሰ አይመስልም። አብራኝ የተማረች የቀጥቃጭ ልጅ ነበረች፣ በሒሳብ የሚስተካከላት አልነበረም። ክፍል ውስጥ አንድ ልጅ ሲታመም «እሷ በላችው» ተባለ። ከዚያ በኋላ አጠገቧ የሚቀመጥ ጠፋ፣ ዓመቱንም ሳትጨርስ ቀረች። ማን ይክሰስ?

እስቲ ሕጉን እንፈትሸው። ስድብ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 615 ያስቀጣል፤ የሚያስቀጣው ግን ተሰዳቢው ራሱ አቤት ሲል ነው። ቀጥቃጩ ጎረቤቱን ከስሶ ነገ ማረሻውን ለማን ሊሸጥ ነው? ሽማግሌ ይገባል፣ «ተው ለእግዜር ብለህ» ይባላል፣ በዚያው ያልቃል። ወደ ጥላቻ ንግግር አዋጁ፣ ወደ ቁጥር 1185/2012 ብንሄድ ደግሞ ብሔር፣ ሃይማኖት፣ ዘር፣ ጾታና አካል ጉዳት ይላል እንጂ ሙያን በስም አይጠራም። ስለዚህ ተከላካዩ ወገን ወዲያው የሚያነሳው ጥያቄ አለ፦ ጠይብነት ዘር ነው እንዴ? ቀለማችን አንድ፣ ቋንቋችን አንድ፣ ቤተ ክርስቲያናችን አንድ።

ከአምስት ዓመት ትምህርቴ ዋጋ ያገኘሁለት መልስ እዚህ ጋ ያለው ነው። ኢትዮጵያ በ1968 ዓ.ም. የተቀበለችው የዘር መድልዎን የሚያስወግደው ዓለም አቀፍ ስምምነት በአንቀጽ 1 የዘር መድልዎን ሲተረጉም ከዘርና ከቀለም ጎን ትውልድን ጽፏል። የስምምነቱ ኮሚቴም እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጣው 29ኛ ጠቅላላ ምክረ ሐሳብ፣ በውርስ የሚተላለፍ የማኅበረሰብ ደረጃን ምክንያት ያደረገ መድልዎ በዚሁ እንደሚሸፈን አብራርቷል። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 9(4) እንዲህ ያለው ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው ይላል፤ አንቀጽ 25 ደግሞ ማኅበራዊ አመጣጥንና ትውልድን በግልጽ ጠርቷል። ሙሉጌታን በገደለው ዱላና አብሮ አደጌን ከክፍል ባስወጣው ሹክሹክታ መካከል ያለው ርቀት እጅግ ሰፊ ነው፣ አላምታታውም። የሚወድቁት ግን በአንድ የሕግ ምዕራፍ ሥር ነው።

የከሳሽነቱንም ጥያቄ ሕገ መንግሥቱ እንደ 1958ቱ ሕግ አልተወውም። በአንቀጽ 37(2) መሠረት የአባላቱን የጋራ ወይም የግል ጥቅም የሚወክል ማኅበር፣ ወይም ተመሳሳይ ጥቅም ያላቸውን ሰዎች የሚወክል ግለሰብ ወይም የቡድን አባል ፍትሕ መጠየቅ ይችላል። ስለዚህ ቀጥቃጩ ብቻውን ጎረቤቱ ፊት መቆም የለበትም፤ የባለ እጆች ማኅበር ቢቆምለት በቂ ነው። እርግጥ ዳኛው አንቀጽ 33ን ጠቅሶ ሊመልሰን ይችላል፣ ክርክሩም የሕገ መንግሥት ትርጉም ያስነሳል ተብሎ እስከ ፌዴሬሽን ምክር ቤት ሊጓዝ ይችላል። ይጓዝ። ሄግ የተዘጋው በርም እንደተዘጋ አልቀረም፤ ያው ፍርድ ቤት በሰኔ 1963 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካ ናሚቢያን ለቅቃ መውጣት አለባት ብሎ ምክር ሰጠ፣ መጋቢት 1982 ናሚቢያ ነጻ ወጣች።

ክልላችን ችግር ላይ በሆነበት ጊዜ ስለ አጥንትና ስለ ስድብ መከራከር ቅንጦት የሚመስላችሁ ትኖራላችሁ። ገብቶኛል። ግን በችግር ጊዜ መጀመሪያ በክፉ ዓይን የሚታየው ድሮም በሐሜት የተከበበው ሰው ነው።

ውጭ ሄዳችሁ ለመማር የምታስቡ፣ ሂዱ። እዚህ የምትቀሩ ደግሞ የፌዴራል ጠበቃ በዓመት የተወሰነ ሰዓት ያለ ክፍያ የማገልገል ግዴታ እንዳለበት እወቁ፤ ፈቃድ ስታወጡ እነዚያን ሰዓታት ለማን እንደምትሰጡ ከአሁኑ አስቡበት። እኔ የምጀምረው ከዕድር ነው። ባለ እጅን በአባልነት አልቀበልም የሚል፣ ወይም ቀብር ላይ ለይቶ የሚያስቀምጥ የተጻፈ መተዳደሪያ ደንብ ቢገኝ ለአንቀጽ 37 ክርክር ከሐሜት የተሻለ ማስረጃ ይሆናል። ሞጣም ይሁን ቢቸና፣ እንዲህ ያለ ደንብ ያያችሁ ገጹን ፎቶ አንስታችሁ ላኩልኝ፤ የአባላቱን ስም ግን ሸፍኑት።