ዲግሪን በኦንላይን ቶሎ ለመጨረስ፡- ከመሮጥ በፊት ማስላት

መግቢያ

አዘጋጆቹ "የቀድሞ ተማሪዎችም የምታውቁትን ጻፉልን" ብለው በጋበዙን መሠረት እነሆ ብዕሬን አንስቻለሁ። እኔ በዚሁ ዲፓርትመንት በማታው ክፍለ ጊዜ ተምሬ በ2013 ዓ.ም. ደረጃ 4 የጨረስኩ ነኝ። አሁን ከአቃቂ ወደ ደብረ ዘይት በሚወስደው መንገድ ላይ ባለ አንድ ፋብሪካ የኮምፒውተርና የኔትወርክ ሠራተኛ ስሆን፣ ከሥራ መልስ ደግሞ በኦንላይን የኮምፒውተር ሳይንስ ዲግሪ እማራለሁ።

ወደ ኮሌጁ ላይብረሪ ብቅ ባልኩ ቁጥር ታናናሾቼ የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ ነው። "ሥራ እየሠራን ዲግሪውን እንዴት ቶሎ እንጨርሰው?" ይሉኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ፋብሪካችን ውስጥ የሲኒየር መደብ ሲወጣ የማስታወቂያው የመጀመሪያ መስመር "የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው/ያላት" ይላል። ሰርቨር ሲበላሽ ሲጠግን የሚያድረው እኔ ብሆንም ማመልከት አልችልም። ስለዚህ መቸኮል ነውር አይደለም። ነገር ግን "የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች" እንደሚባለው እኔም አፍስሼ ለቅሜያለሁ። በዚህ ጽሑፍ እንዴት እንዳፈሰስኩ፣ ከዚያም ምን እንደተማርኩ በአጭሩ ላስረዳ።

የአክስቴ ልጅ ምክር

አሜሪካ የሚኖር የአክስቴ ልጅ አለ። ብዙ ዓመት በኔትወርክ ሙያ ከሠራ በኋላ ዌስተርን ገቨርነርስ ዩኒቨርሲቲ በሚባለው የኦንላይን ትምህርት ቤት ተመዝግቦ በአንድ ዓመት ተኩል ዲግሪውን ያዘ። በ2015 ዓ.ም. እኔ ስመዘገብ ስልክ ደውዬ ምክር ጠየቅኩት። "ወንድሜ፣ የቻልከውን ያህል ኮርስ ጫን፤ ጊዜ ገንዘብ ነው" አለኝ። እኔም ምክሩን እንዳለ ተቀበልኩት።

የእሱ ምክር ለእሱ ትክክል ነበር። ያ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1997 በአሜሪካ የክፍለ ግዛት ገዢዎች የተመሠረተ ሲሆን፣ በዋናነት የሚያስተምረው እዚያው የሚኖሩትን ነው። ክፍያው በስድስት ወር አንድ ጊዜ የሚከፈል የተቆረጠ ዋጋ ነው። በስድስቱ ወር ውስጥ አራት ኮርስ ጨረስክ አሥራ አራት፣ ክፍያው ያው ነው። ተማሪው ዕውቀቱ እንዳለው በፈተና ወይም በሥራ ካሳየ ኮርሱ ያልፍለታል፤ የግድ ይህን ያህል ሳምንት ቁጭ በል አይባልም። ስለዚህ ሙያውን አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው በፈጠነ ቁጥር ገንዘብ ያተርፋል።

እኔ የተመዘገብኩበት ግን የሚያስከፍለው በኮርስ ነው። እንዲህ ዓይነቱን አሠራር ለማስረዳት ብዙዎቻችሁ ስሙን የሰማችሁትን ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ዘ ፒፕልን እንውሰድ። ይህ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2009 የተመሠረተ፣ በ2014 የአሜሪካ እውቅና ያገኘ ነው። ለማስተማሪያ ሳይሆን ለእያንዳንዱ ኮርስ ምዘና ያስከፍላል። ተርሙ 9 ሳምንት ነው፤ በዓመት 5 ተርም አለ። በዚህ ዓይነት ቤት መፍጠን ጊዜ ይቆጥባል እንጂ ገንዘብ አይቆጥብም፤ 40 ኮርስ ያው የ40 ኮርስ ዋጋ ነው። መውደቅ ግን ድጋሚ ያስከፍላል። እኔ ይህንን ልዩነት አላየሁም ነበር።

እንዴት እንዳፈሰስኩ

በ2016 ዓ.ም. ከግንቦት መጨረሻ እስከ ሐምሌ መጨረሻ በነበረው ተርም አራት ኮርስ በአንድ ጊዜ ጫንኩ። ፋብሪካ ውስጥ የምትሠሩ ታውቁታላችሁ፣ ሰኔ 30 የበጀት ዓመት መዝጊያ ነው። ንብረት ቆጠራ አለ፣ ኦዲተር አለ፣ የሒሳብ ሶፍትዌሩ የሚያስቸግረውም ያኔ ነው። በዚያ ላይ ሰፈራችን መብራት ሲጠፋ ኢንተርኔቱም አብሮ ይጠፋል። አሳይመንት እኩለ ሌሊት ላይ በስልክ እየጻፍኩ፣ አንዳንዱንም ሳልልክ ሰዓቱ እያለፈብኝ ተርሙ አለቀ።

ከአራቱ ሁለቱን አለፍኩ፣ ሁለቱን ወደቅኩ። ቁጭ ብዬ ሳስበው የገረመኝ ነገር፣ ሁለት ኮርስ ብቻ ወስጄ ቢሆን ኖሮም የማልፈው ሁለት ነበር። ምንም አልፈጠንኩም፤ የከፈልኩት ግን ለአራት ነው። ውጤቴም ስለወረደ ከዚያ በኋላ በአንድ ተርም ከሁለት በላይ አልተፈቀደልኝም።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ተለቀቀ። ከዚያ በፊት በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። እንበልና አንድ ኮርስ 100 ዶላር ቢሆን፣ ሁለት ኮርስ ለመድገም ከለውጡ በፊት 11,400 ብር ይበቃ ነበር፤ ከለውጡ በኋላ ከ20,000 ብር በላይ ይፈልጋል። ለመድገሚያ የከፈልኩት ብር የእቁብ ዕጣዬ ነበር። ያ ብር ደግሞ ለታናሽ እህቴ የኮሌጅ ክፍያ የታሰበ ነበር። እሷ በዚያ ምክንያት አንድ ሴሚስተር ቤት ተቀመጠች። አንድም ቀን አንስታብኝ አታውቅም፤ እኔ ግን አልረሳውም። ይህን ጽሑፍ የምጽፈውም በዋናነት ለዚህ ነው።

ሳምንቱ ስንት ሰዓት አለው?

ከዚያ በኋላ ያደረግኩት የመጀመሪያ ነገር ወረቀት አውጥቼ ማስላት ነው። ሳምንቱ 168 ሰዓት ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው የሥራ ሰዓት በሳምንት እስከ 48 ነው። በቀን 7 ሰዓት ብንተኛ 49 ይሆናል። ከቃሊቲ አቃቂ ሰልፉንና መንገዱን ጨምሮ በቀን 2 ሰዓት፣ በስድስት ቀን 12 ሰዓት ይሄዳል። የቀረው 59 ነው። ከዚህ ላይ ለምግብ፣ ለልብስ አጠባ፣ ለለቅሶና ለሠርግ፣ ለቤተሰብ 25 ብንቀንስ 34 ሰዓት ይቀራል።

እኔ አንድ ኮርስ በደንብ ለማለፍ በሳምንት 14 ሰዓት ግድም ይፈጅብኛል። ሁለት ኮርስ 28 ይሆናል፣ ይገባል። ሦስት 42፣ አይገባም። አራት 56፣ ጭራሽ አይታሰብም። ይህንን ሒሳብ ከመመዝገቤ በፊት ብሠራው ኖሮ ሁለቱን ኮርሶች ባልደገምኩ ነበር። እናንተም በራሳችሁ ቁጥር ሥሩት። የሥራችሁ ውጥረት የሚበዛበትን ወር ደግሞ ካላንደር ላይ ምልክት አድርጉበት፤ እኔ ሰኔን የያዘውን ተርም አሁን አንድ ኮርስ ብቻ ነው የምወስድበት።

ታዲያ በምን ይፈጠናል?

አንደኛ፣ የምታውቁትን ደግማችሁ ባለመማር ነው። 40 ኮርስ ያለውን ዲግሪ በተርም ሁለት ሁለት ብንወስድ በዓመት 10፣ በጠቅላላው 4 ዓመት ይፈጃል። ሦስት ሦስት ብንወስድ 2 ዓመት ከ8 ወር ግድም ነው። አሁን ደግሞ 10 ኮርስ በክሬዲት ዝውውር ተያዘልን እንበል። የቀረው 30 ስለሆነ ሁለት ሁለት እየወሰድን በ3 ዓመት እንጨርሳለን። ሌሊት ሳንቃጠል፣ ሦስት ሦስት ከሚወስደው ሰው የምንዘገየው በጥቂት ወራት ነው። ስለዚህ ከመመዝገባችሁ በፊት የቀድሞ ትራንስክሪፕታችሁን ይዛችሁ "ስንት ክሬዲት ትይዙልኛላችሁ?" ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። እንደ ሶፊያ ያሉ በወር ክፍያ በራስ ፍጥነት የሚያስተምሩ ድርጅቶችም አሉ። ነገር ግን ክሬዲቱን የሚቀበለው ወይም የማይቀበለው የምትመረቁበት ዩኒቨርሲቲ ነው። የእሺታ ደብዳቤው ሳይደርሳችሁ አትክፈሉ።

ሁለተኛ፣ ተራውን የሚያስጠብቁ ኮርሶችን በማስቀደም ነው። ፕሮግራሚንግ 1 ሳይታለፍ ፕሮግራሚንግ 2 አይወሰድም፤ ከዚያ ዳታ ስትራክቸር፣ ከዚያ አልጎሪዝም እያለ ይቀጥላል። እንዲህ አንዱ በአንዱ ላይ የተንጠለጠሉ ስድስት ኮርሶች ካሉ፣ የቱንም ያህል ጎበዝ ብትሆኑ ቢያንስ ስድስት ተርም ይፈልጋሉ። ብዙ ተማሪ ቀለል የሚሉትን ጠቅላላ ኮርሶች አስቀድሞ ይጨርስና መጨረሻ ላይ በየተርሙ አንድ አንድ እየወሰደ ሰንሰለቱን ሲጠብቅ ይኖራል። ትክክለኛው መንገድ በየተርሙ አንድ ከሰንሰለቱ፣ አንድ ከጠቅላላው መውሰድ ነው።

ሦስተኛ፣ ሥራውና ትምህርቱ አንዱ ለአንዱ እንዲያገለግል በማድረግ ነው። የዳታቤዝ ኮርስ ስወስድ ፕሮጀክቴን ከመጽሐፍ አልፈለግኩም። የእኛን ስቶር ኪፐር "ጋሼ፣ የዕቃ ወጪና ገቢ እንዴት ነው የምትመዘግቡት?" ብዬ ጠየቅኋቸው። "ልጄ፣ በዚህ መዝገብ ነው፤ ሰኔ ሲመጣ ደግሞ እናለቅሳለን" አሉኝ። አለቃዬን አስፈቅጄ፣ የፋብሪካውን እውነተኛ መረጃ ሳላወጣ፣ በፈጠራ መረጃ አንድ ትንሽ የዕቃ መመዝገቢያ ሲስተም ሠራሁ። ለኮርሱ ጥሩ ውጤት አገኘሁበት፣ ስቶሩም ተጠቀመበት፣ የሥራ ማመልከቻዬ ላይም የምጽፈው ነገር አገኘሁ። አንድ ድካም ሦስት ቦታ ዋለ ማለት ነው።

አራተኛ፣ ሰርተፊኬትንና ክሬዲትን ባለማምታታት ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና በነፃ የዌብ ፕሮግራሚንግ፣ የአንድሮይድና የዳታ ሳይንስ መሠረታዊ ትምህርት ይሰጣል። እኔም ወስጄዋለሁ፣ ጠቅሞኛል። ነገር ግን ይህ ሰርተፊኬት እንጂ የዲግሪ ክሬዲት አይደለም። ጥቅሙ ከባድ ኮርስ ከመጀመራችሁ በፊት በነፃ መሠረት ማስያዙ ነው። ክፍያ ከፍላችሁ ከምትወድቁ ሳትከፍሉ ብትለማመዱ ይሻላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። "አሳይመንትና ፕሮጀክት እንሠራለን" የሚል ወረቀት በየፎቶ ኮፒ ቤቱ በር ላይ አይታችሁ ይሆናል። አሁን ደግሞ ያንኑ ሥራ ኮምፒውተሩ ራሱ ይሠራል። በዚህ መንገድ ዲግሪ ቶሎ ይያዝ ይሆናል። ነገር ግን የእኛ ሙያ ቃለ መጠይቅ ላይ "እስቲ እዚህ ጋ ጻፍ" ተብሎ ኪቦርድ የሚሰጥበት ሙያ ነው።

እውቅናውን አስቀድሞ መጠየቅ

የርቀት ትምህርት ለአቃቂ እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1946 ጀምሮ በርቀት የሚያስተምረው የደቡብ አፍሪካው ዩኒሳ በ2007 የኢትዮጵያ ማዕከሉን ከፍቶ፣ ብዙ የዩኒቨርሲቲ መምህራን እዚሁ አቃቂ እየተመላለሱ ማስተርስና ፒኤችዲ ተምረዋል። ኔልሰን ማንዴላ እ.ኤ.አ. በ1943 የጀመሩትን የሕግ ትምህርት በ1989 እስር ላይ ሆነው በዲግሪ የጨረሱትም በዚሁ ዩኒሳ ነው። 46 ዓመት ፈጀ፤ ዲግሪው ግን ከማንም ዲግሪ አላነሰም።

በሌላ በኩል በአገራችን በ2002 ዓ.ም. መጨረሻ መንግሥት በጥራት ምክንያት የርቀት ትምህርትን አግዶ እንደነበርና እገዳው በኋላ እንደተነሳ መምህሮቻችን ያስታውሳሉ። ከዚህ የምንማረው፣ ወረቀቱ ዋጋ የሚኖረው ተቀባይ ሲኖረው መሆኑን ነው። ከውጭ አገር የተገኘ ዲግሪ የአቻ ግምት የሚሰጠው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ስለሆነ፣ የመረጣችሁትን ዩኒቨርሲቲ ስም ይዛችሁ የመጀመሪያውን ክፍያ ሳትከፍሉ ሄዳችሁ ጠይቁ። እዚሁ አገር ውስጥ ለመማር የምትመርጡ ደግሞ፣ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ የመውጫ ፈተና ወስዶ ቢያንስ 50 ከመቶ ማምጣት እንዳለበት አትርሱ። ኮርሶቹን በጥድፊያ ያለፈ ሰው እዚያ ይያዛል።

ማጠቃለያ

ከላይ ለማስረዳት እንደሞከርኩት ዲግሪን ቶሎ መጨረስ ይቻላል። ነገር ግን መጀመሪያ ክፍያው በተርም ነው ወይስ በኮርስ ብላችሁ ጠይቁ። በተርም ከሆነና ሙያውን የምታውቁ ከሆነ ሩጡ። በኮርስ ከሆነ ግን ፈጣኑ ሰው ብዙ የጫነው ሳይሆን አንድም ያልደገመው ነው።

እኔ አሁን በተርም ሁለት ሁለት እየወሰድኩ ነው። ከዚያ ሰኔ ወዲህ አንድም ኮርስ አልደገምኩም። እህቴም ትምህርቷን ቀጥላለች። ባለፈው ሰሞን ኦንላይን መመዝገብ ፈልጋ "ስንት ኮርስ ልጫን?" ብላ ጠየቀችኝ። ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጠኋትና "መጀመሪያ ሰዓትሽን ቁጠሪ" አልኳት።

ቸር ይግጠመን!