ሕዝብ ለወታደር ሹራብ እንዲሠራ ስለ ቀሰቀሱ የጦርነት ጊዜ ማስታወቂያዎች

በጦርነት ጊዜ መንግሥታት ከሕዝባቸው የሚሹት ግብርና ወታደር ብቻ አይደለም፤ በየቤቱ የሚፈጸመው የእጅ ሥራም ለዘመቻው እንዲውል ይጠይቃሉ። በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች ጊዜ በአሜሪካ የተለጠፉት፣ ሕዝቡ ለወታደሮች ሹራብ እንዲሠራ የሚቀሰቅሱት የግድግዳ ማስታወቂያዎች ለዚህ ዓይነተኛ ምስክሮች ናቸው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

ጥያቄው የተነሣው ከእውነተኛ ችግር ነበረ። ገና በ1914 የብሪታንያዋ ንግሥት ሜሪ ለጦሩ 300,000 ጥንድ የእግር ሹራብ (ካልሲ) እና 300,000 የሆድ መቀነት እንዲዘጋጅ ሴቶችን ጠይቀው ነበር። ብርዱ በገባ ጊዜም፣ ውሃ በቋጠረ ምሽግ ውስጥ ቀንና ሌሊት የሚቆሙት ወታደሮች እግራቸው እየደነዘዘ ያብጥና ይቈስል፣ ሲብስም እስከ መቈረጥ ይደርስ ጀመር። «የምሽግ እግር» የተባለው ይህ ሕመም የሚከለከለው እግርን በማድረቅና የእግር ሹራብን ቶሎ ቶሎ በመለወጥ ስለ ነበረ፣ ለአንድ ሰው አንድ ጥንድ አይበቃውም ነበር።

አሜሪካ በ1917 ወደ ጦርነቱ በገባች ጊዜ ይህንን ሥራ በዋናነት የመራው የአሜሪካ ቀይ መስቀል ማኅበር ነው። ከማስታወቂያዎቹ እጅግ የታወቀው የሱፍ ክርና መርፌ ያለበትን ቅርጫት የሚያሳየው ሲሆን፣ ልጆቻችን የእግር ሹራብ ያስፈልጋቸዋል ይላል። «ድርሻህን ፈጽም» በሚለው የተለመደ የእንግሊዝኛ አነጋገር ውስጥም ግሡን ሹራብ መሥራትን በሚያመለክት ግሥ ተክቶ አንባቢውን ለሥራ ይጠራል።

የማስታወቂያው ኀይል ያለው «ልጆቻችን» በሚለው ቃል ነው። ቀድሞ እናት ሹራብ የምትሠራው ለገዛ ልጇ፣ በምታውቀው ልክና በመረጠችው ቀለም ነበር። አሁን ግን የዝምድናው ስም ሰፍቶ የማይታወቀውን ወታደር ሁሉ ዐቀፈ። ስጦታውም ከእጇ በቀጥታ ወደ ልጇ መሄዱ ቀርቶ በማኅበሩ በኩል የሚያልፍ ሆነ፤ ማኅበሩም የአሠራሩን መመሪያ አትሞ ልኩንና ቀለሙን ወሰነ። የምድር ጦሩ ቀለም ግራጫ ወይም ካኪ ነበረ። እግርን እንዳያቈስልም በእግር ሹራቡ ውስጥ ቋጠሮ እንዳይኖር ይጠበቅ ነበር። በዚህ ዐይነት የቤተ ሰብ ስጦታ የነበረው ሥራ፣ ስሙ ሳይለወጥ፣ የዜግነት ግዴታ ሆነ።

ይሁን እንጂ ማስታወቂያው የሠሪዎቹን ማንነት በሙሉ አያሳይም። ሠዓሊው ቤንዳ በ1918 ገደማ ለቀይ መስቀል የሣለው ሥዕል እንደሚያሳየው፣ መርፌ የያዘችው ወጣት ሴት ናት። በተግባር ግን በ1917 በተቋቋመው የወጣቶች ቀይ መስቀል አማካይነት በየትምህርት ቤቱ ወንዶች ልጆችም ይሠሩ ነበር። ሥዕሉ እንግዲህ ወንዱ በግንባር፣ ሴቷ በቤት የሚለውን አሳብ እንጂ የሥራውን እውነተኛ ክፍፍል አይገልጥም።

በሁለተኛው ጦርነት ጥሪው ተደገመ። ፐርል ሃርበር በ1941 ከተደበደበ በኋላ በኒው ዮርክ የወጣ አንድ ማስታወቂያ፣ የወደቡ ስም የአንድን ሹራብ አሠራር ስም በድምፅ ስለሚመስል በዚያ ተጫውቶ፣ ሕዝቡ ጥቃቱን እያስታወሰ በመርፌው እንዲበረታ አሳሰበ። በዚያን ጊዜ መኪና የእግር ሹራብን ከእጅ ይልቅ በፍጥነትና በርካሽ ይሠራ እንደ ነበረ የታወቀ ነው። ሆኖም ጥሪው አልቆመም፤ ልጇን ሸኝታ በሥጋት የምትጠብቅ ሴት ለእጇም ለልቧም ሥራ ታገኝበት ነበርና።

የእግር ሹራቦቹ በጭቃ ውስጥ አልቀዋል፤ ማስታወቂያዎቹ ግን በአሜሪካ ኮንግሬስ ቤተ መጻሕፍትና በሌሎችም ስፍራዎች ተጠብቀው ይገኛሉ። ስለዚህ ተመራማሪው ሊጠነቀቅ ይገባዋል፤ ተጠብቆ የቈየው ሕዝቡ የተጠየቀው ነገር ነው፤ የሠራው ግን በአብዛኛው ጠፍቷል። ሁለቱም አንድ አይደሉም።