የጓሮ ጡረታ እንዴት ይሠራል?

የመንግሥት ወይም የግል ድርጅት ሠራተኛ ጡረታው የሚጀምረው ከደመወዙ ነው። ከእሱ 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ በየወሩ ገቢ ይደረጋል፤ 60 ዓመት ሲሞላው ወርሃዊ አበል ይታሰብለታል። በሙዱላ ከተማ ዙሪያ፣ በጠምባሮ ልዩ ወረዳ ቀበሌዎች ዕድሜውን ሲያርስ የኖረ ሰው ግን መዋጮ የሚከፍልለት አሠሪ አልነበረውም። ስለዚህ ጡረታውን ከቤቱ ጀርባ ተከለ። ከሆሳዕና እስከ ዱራሜ፣ ከዱራሜ እስከ ሙዱላ በመንገዱ ግራና ቀኝ ቤቶቹን ከቦ የሚታየው እንሰት አጥር ወይም ጌጥ አይደለም፤ የቤቱ ባለቤቶች ክንዳቸው ሲዝል የሚበሉት ነው። ይህ ጡረታ እንዴት እንደሚሠራ፣ በምን እንደሚበላሽ፣ ምን እንደሚጎድለውም ማወቅ ለአረጋውያኑም ለልጆቻቸውም ይጠቅማል።

ጤፍና ስንዴ ወቅት አላቸው፤ ወቅቱ ካመለጠ አመለጠ ነው። እንሰት ግን ቆሞ ይጠብቃል። ግንድ የሚመስለው የተደራረበው የቅጠል መሠረትና ከአፈር በታች ያለው ሥሩ ውኃና ስታርች ያከማቻሉ፤ አንድ በልግ ቢቀር ተክሉ አይሞትም። ሲያስፈልግ ይነቀላል፣ ካላስፈለገ ይቆያል። ገደብ ግን አለው። እንሰት በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ ያብባል፤ ያከማቸውን ሁሉ ለአበባውና ለፍሬው አውሎ ይደርቃል። ስለዚህ የሚነቀለው አበባው ብቅ ሊል ሲል ወይም ብቅ እንዳለ ነው።

ሒሳቡን ደግሞ እንየው። በእንሰት ላይ በተሠሩ ብዙ ጥናቶች ሲጠቀስ የሚገኝ፣ እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ አንድ ሥራ ከ5 እስከ 6 ሰው ላለው ቤተሰብ ከ40 እስከ 60 እንሰት ምግብ እንደሚሆን፣ የሚይዘውም ቦታ ከ250 እስከ 375 ካሬ ሜትር እንደሆነ አስፍሯል። በዚሁ ስሌት ልጆች ወጥተውላቸው ባልና ሚስት ብቻ የቀሩበት ቤት በዓመት 20 ያህል እንሰት ይበቃዋል። ችግኙ ተዛውሮ ቦታውን ከያዘ በኋላ ለመድረስ 5 ዓመት ይፈጅበታል እንበል፤ ብርድ በሚበዛበት ደጋ ከዚያም ይዘገያል። እንግዲያው ጓሮው ውስጥ የአንድ ዓመት፣ የሁለት፣ የሦስት፣ የአራት፣ የአምስት ዓመት እንሰት በየረድፉ 20፣ 20 ሆኖ መቆም አለበት። በድምሩ 100 ነው። ዘንድሮ 20 ሲነቀል ዘንድሮውኑ 20 ይተከላል።

ብዙ አረጋውያን የሚዘናጉት እዚህ ላይ ነው። 70 ዓመት የሞላው ሰው «ለእኔ መቼ ሊደርስልኝ ነው?» ብሎ መትከሉን ይተዋል። ጓሮው ለጊዜው ጎድሎ አይታይም፤ የቆሙት ትልልቆቹ ናቸውና እንዲያውም የሞላ ይመስላል። ሦስትና አራት ዓመት ሲያልፍ ግን ትልልቁ ያልቃል፣ ከሥሩ የሚተካው የለም፤ ሰውየው ያኔ ገና 74 ዓመቱ ነው። ጓሮዎን ሲቃኙ የትልልቆቹን ቁመት ትተው የትንንሾቹን ቁጥር ይዩ።

ለመትከል ችግኝ መግዛት ግድ አይደለም። ጥቂት ዓመት የሆነው ጤነኛ እንሰት ይመረጥና ከላይ ይቆረጣል፤ የሥሩ መሐል ላይ ያለው የዕድገት እምቡጥ ተፍቆ ይወጣል፤ ቦታው በአፈርና በፍግ ተሞልቶ ሥሩ ይቀበራል። መሐሉ ሲጠፋ ተክሉ በጎኑ ያቆጠቁጣል፤ ከአንድ ሥር በርካታ ደርዘን፣ አንዳንዴ ከመቶ በላይ ችግኝ ይወጣል። ስለዚህ ሁለት ሽማግሌዎች ለዓመቱ የሚበቃቸውን ለማግኘት አንድ ሥር መቅበር ይበቃቸዋል፤ የተረፈውን ለጎረቤት ይሰጣሉ ወይም ገበያ ያወጣሉ። ጉድጓድ መቆፈሩ ግን የጉልበት ሥራ ነው፤ ለዚያ ቀን ወጣት መጥራት ያስፈልጋል።

አሁን ይህን ጓሮ ወደምትመግበው ላም እንምጣ። እንሰት ከቤት ጀርባ የሚተከለው ፍግና የቤት ጥራጊ ከበር ወጥቶ በቅርብ ሥሩ ላይ እንዲወድቅ ነው። በየዓመቱ ከመሬቱ ብዙ ይወሰዳል፣ የሚመልሰው ፍጉ ነው። ላም የሌለው ጓሮ በሁለት በሦስት ዓመት ውስጥ ይከሳል፤ ቅጠሉ ይጠባል፣ ሥሩ ያንሳል፣ ከአንድ እንሰት የሚገኘው ቆጮ ይቀንሳል። ከሀዲያና ከከምባታ ብዙ ወጣት ወደ ደቡብ አፍሪካ እንደሄደ የታወቀ ነው፤ የጉዞው ገንዘብ ብዙ ጊዜ ከሚመጣባቸው ነገሮች አንዱ የከብት ሽያጭ ነው። ቤተሰቡ ላሟን ሲሸጥ የሚያስበው ስለ ወተቱ ነው፤ ጓሮው መራብ እንደሚጀምር ማንም አይቆጥረውም። ልጅ መሄዱ ካልቀረ፣ ገንዘብ መላክ ሲጀምር አስቀድሞ መተካት ያለበት ላሟ ናት ባይ ነኝ፤ የቤቱ ቆርቆሮ ከእሷ በኋላ ይደርሳል። ላም ለመጠበቅ አቅም ያነሰው ሰው ሁለት በግ፣ አመድና የወጥ ቤት ጥራጊ ተጠራቅሞ የሚበሰብስበት አንድ ጉድጓድ ይኑረው፤ የላሟን ያህል ባይሆንም ጓሮውን ያቆየዋል።

ይህን ጡረታ በአንድ ወቅት ሊያወድመው የሚችለው የአጠውልግ በሽታ ነው። ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1968 መንስኤው ባክቴሪያ መሆኑን አሳወቁ። መጀመሪያ የመሐል ቅጠሉ ቢጫ ይሆንና ይዝላል፤ ግንዱ ሲቆረጥ ከተቆረጠው ቦታ ቢጫ የሚመስል ዝልግልግ ፈሳሽ ይወጣል። በሽታው ከጓሮ ወደ ጓሮ የሚሄድበት ዋናው መንገድ ቢላዋ ነው። የታመመውን ቅጠል የቆረጠ ቢላዋ ቀጥሎ ጤነኛውን ሲነካ ባክቴሪያውን እቁስሉ ውስጥ ያስገባዋል። ቢላዋ መዋዋስ በጉርብትና የተለመደ ነው፤ ተውት ማለትም ነውር ይመስላል፤ ግን በውሰት የመጣን ቢላዋ እሳት ላይ ማንደድ ወይም በረኪና በተቀላቀለበት ውኃ ማጠብ ደቂቃ አይፈጅም። አንዱን እንሰት ቆርጠው ወደ ሌላው ሲያልፉም እንደዚያው ነው። የታመመው ከነሥሩ ተነቅሎ ከጓሮው ርቆ ይቀበራል፤ ለከብት አይሰጥም፣ መንገድ ላይም አይጣልም። በወላይታ ማዚያ የሚባለው ዝርያ በሽታውን ከሌሎቹ በተሻለ እንደሚቋቋም ይታወቃል። የአረካ የግብርና ምርምር ማዕከል በመቶዎች የሚቆጠሩ የእንሰት ዝርያዎችን ሰብስቦ ይዟል። ጓሮዎን በአንድ ዝርያ ብቻ አይሙሉት።

ሙዱላና አካባቢው የበሽታን ነገር ከዝንጅብልም ያውቀዋል። ዝንጅብል የጠምባሮና የሐደሮ ገበሬ ዋና የገንዘብ ምንጭ ነበር። በ2004 ዓ.ም. ገደማ የተነሳው የባክቴሪያ አጠውልግ ማሳውን አደረቀው፤ ከዘር ዝንጅብሉና ከአፈሩ ጋር ስለሚጓዝ ለማጥፋት አስቸገረ። ያኔ ጓሮውን ነቅሎ በዝንጅብል የተካ ሰው ገንዘቡንም ምግቡንም ባንድነት አጣ። በእርጅና ዘመን ገበያ የሚወጣ ነገር መትከል ጥሩ ነው፤ ቡናም ዝንጅብልም ያዋጣሉ፤ ግን ከአምስቱ የእንሰት ረድፎች ላይ ተቀንሶ መሆን የለበትም።

እንግዲህ ደርሶ ተነቀለ እንበል። ግንዱ በቀርከሃ መፋቂያ ይፋቃል፣ ሥሩ ይከተከታል፣ ሲጨመቅ ከውኃው በታች የሚዘቅጠው ነጩ ቡላ ነው፣ የሚቀረው ጭረት ቃጫ ሆኖ ይሸጣል። ሌላው በኮባ በተሸፈነ ጉድጓድ ውስጥ ይቀበራል። እዚያ አየር በሌለበት ላክቲክ አሲድ የሚያመነጩ ባክቴሪያዎች ያኮመጥጡታል፤ ኮምጣጣነቱ የሚያበላሹትን ተሕዋስያን ስለሚከለክል ቆጮ ያለ ማቀዝቀዣ ለወራት፣ በደጋ ከዓመት በላይ ይቆያል። መፋቁ የሴቶች ሥራ ነው፤ ወገብ ይሰብራል። የ65 ዓመት እናት ብቻቸውን ሊፍቁ አይገባም። አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ለመፋቂያ፣ ለመጭመቂያና ለማብላያ የሚሆኑ መሣሪያዎችን ሠርቷል፤ ሰፈሩ ተዋጥቶ አንድ ቢገዛ ለእናቶች ትልቅ ዕረፍት ነው።

ይህ ጡረታ ሆድ ይሞላል፣ ጡንቻ ግን አይጠብቅም። ቆጮ ከሞላ ጎደል ስታርች ነው። በዕድሜ የገፋ ሰው በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ 1 ግራም ያህል ፕሮቲን ያስፈልገዋል፤ 55 ኪሎ የሚመዝን ሰው 55 ግራም ማለት ነው። ግማሽ ኪሎ ቆጮ ከዚህ ውስጥ 10 ግራም እንኳ አይሞላም። የጎደለው እንዴት ይሞላ? አንድ ብርጭቆ ወተት 8 ግራም፣ አንድ እንቁላል 6 ግራም ያህል ይሰጣል፤ አንድ ብርጭቆ የተቀቀለ ቦሎቄ ደግሞ የሁለቱን ድምር ያህል ይሰጣል። ጎመኑ ከእንሰቱ ጥላ ሥር ይበቅላል፤ አጠገቡ ቦሎቄ ቢዘራ ደግሞ አፈሩንም ይጠቅመዋል። ብቻውን የሚኖር ሰው ወጥ መሥራት ሲሰለቸው በቆጮና በቡና ውሎ ማደሩ ነው ችግሩ፤ ከወንበር ለመነሣት እጅን መደገፍ አንዱ መነሻው ይኸው ነው።

ስኳር ያለበት ሰው ከቡላ ይጠንቀቅ። የቡላ ገንፎም ሆነ በቅቤና በወተት የሚሠራው የሀዲያ አታካና ለወላድና ለእንግዳ የሚቀርብ የክብር ምግብ ነው፤ ነገር ግን ቡላ ንጹሕ ስታርች ስለሆነ በደም ውስጥ ቶሎ ስኳር ይሆናል። ትንሽ ቀምሶ መተው ነው። ጨው ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ከ5 ግራም በታች ይሁን ይላል፤ አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ነው፣ በጎመኑ፣ በአይቡና በሚጥሚጣው ውስጥ ያለው ሁሉ ተደምሮ። ደም ግፊት ሳያሳምም ስለሚኖር በልኬት ብቻ ነው የሚታወቀው፤ በተለያየ ቀን ተለክቶ 140 በ90 ከደረሰ ወይም ካለፈ ሐኪም ማየት አለበት።

ሕክምናው ገንዘብ ይጠይቃል፤ እንሰት ደግሞ እንደ ገንዘብ ቶሎ አይወጣም። በድንገት ለታመመ ሰው ጓሮ ሙሉ እንሰት በርካሽ ሲሸጥ ማየት የተለመደ ነው፤ የአምስት ዓመት ጡረታ በአንድ ሳምንት ያልቃል። ይህን የሚከላከለው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ነው። በ2003 ዓ.ም. ለሙከራ ከተመረጡት 13 ወረዳዎች አንዱ እዚሁ ከምባታ ውስጥ ያለው ዳምቦያ ነበር። አሠራሩ ቀላል ነው፦ ቤተሰቡ በዓመት አንድ ጊዜ መዋጮ ይከፍላል፣ የቤተሰብ ፎቶ ያለበት መታወቂያ ይቀበላል፣ ሲታመም መጀመሪያ ወደ ጤና ጣቢያው ይሄዳል። መዋጮው ኪስ የማይጎዳው የጤነኛው ገንዘብ ለታመመው ስለሚውል ነው፤ መክፈል ለማይችሉ ድሆች መንግሥት ይከፍልላቸዋል፤ ማን ድሃ እንደሆነ የሚለየው ቀበሌው ነው።

አረጋውያን የሚቸገሩት በሁለት ነገር ነው። መዋጮ የሚሰበሰብበት ወቅት አለ፤ «ስታመም እከፍላለሁ» ያለ ሰው ሲታመም ይዘጋበታል፤ ባለፈው ዓመት የከፈለም ካላደሰ እንደዚያው ነው። ሁለተኛው የሪፈር ወረቀት ነው። ከጤና ጣቢያ ሳይላኩ በቀጥታ ሆሳዕና ንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ሆስፒታል ቢሄዱ መድኑ ወጪውን ሙሉ በሙሉ አይሸፍንልዎትም፤ ድንገተኛ ካልሆነ በቀር በደረጃው ማለፍ ነው። የግፊትና የስኳር መድኃኒት በየወሩ ከጤና ጣቢያ ስለሚወሰድ በዓመት የከፈሉት ብዙ ሳይቆይ ይመለሳል። ደቡብ አፍሪካ ያለ ልጅ «ምን ልላክ?» ካለ፣ የዓመቱን መዋጮ በወቅቱ ይላክ።

መነጽርና ሰው ሠራሽ ጥርስ ግን በመድኑ አይሸፈኑም። ለእነሱ ቃጫው፣ የተረፈው ቡላ፣ ወይም ከአምስተኛው ረድፍ ሁለት እንሰት ይሸጣል፤ በዚያው ሳምንት ሁለት ችግኝ ይተከላል።