ደም የማይደርስበት ፈንገስ

ቲቢ ታክሞ ቢድንም አንዳንድ ጊዜ ሳንባ ውስጥ ባዶ ጉድጓድ ትቶ ይሄዳል። ከጭድ፣ ከፍግና ከአቧራ ጋር በየቀኑ የምንተነፍሰው የአስፐርጊለስ ፈንገስ ዘር እዚያ ካረፈ የሚያስወጣው የለም፤ እንደ ጥጥ ልቃቂት እየተድበለበለ ያድጋል። እ.ኤ.አ. በ1968 የታተመ የብሪታንያ ጥናት፣ ቲቢያቸው ድኖ 2.5 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ስፋት ያለው ጉድጓድ ከቀረባቸው ሰዎች ሩብ ያህሉ በደማቸው ውስጥ ይህን ፈንገስ የሚቃወም ፀረ እንግዳ አካል እንዳላቸው አሳይቷል።

ዋናው ምልክት ደም መትፋት ነው። አክታው ተመርምሮ ቲቢ ካልተገኘ፣ «ተመልሶብኛል» ብሎ የቲቢ መድኃኒት እንደገና ከመጀመር በፊት ሐኪሙን ስለ ፈንገስ መጠየቅ ይገባል።

ሳንባው ለሚችል ሰው ቀዶ ሕክምና አለ። የቀረው ሳንባው ደካማ ለሆነው ግን እኔ እጅግ የምወደው፣ ብዙም የማይወራለት ዘዴ አለ፤ መድኃኒቱን በቀጥታ ጉድጓዱ ውስጥ ማስገባት። ድቡልቡሉ የራሱ የደም ሥር ስለሌለው በደም የሚዞር መድኃኒት በቅጡ አይደርስበትም። የፈንገስ መድኃኒቱ አምፎቴሪሲን ቢ ደግሞ በደም ሥር ሲሰጥ ኩላሊትን ይጎዳል፤ በጉድጓዱ ውስጥ ሲቀር ግን ወደ ደም የሚያልፈው ጥቂት ነው። ሐኪሙ በሲቲ ስካን እየተመራ በደረት በኩል ቀጭን ቱቦ ያስገባል፤ በብሮንኮስኮፕ የሚሰጥበትም ጊዜ አለ። የተለመደው መጠን 50 ሚሊ ግራም በ20 ሚሊ ሊትር ነው።

በ20 ሚሊ ሊትር ምን? እዚህ ላይ ነው መድኃኒት ቤት የምንሠራ ሰዎች የምንጨቃጨቀው። በ5 በመቶ ዴክስትሮስ እንጂ በኖርማል ሳላይን አይደለም! አምፎቴሪሲን በራሱ ውሃ ውስጥ አይሟሟም። ብልቃጡ ውስጥ ያለው ዲኦክሲኮሌት የተባለ ጨው ነው በጥቃቅን ቅንጣት በትኖ የሚይዘው። ሳላይን ሲጨመርበት ይህ ትስስር ይፈርሳል፤ ጥርት ያለው ቢጫ ፈሳሽ ይደፈርስና መድኃኒቱ ይዘቅጣል። የዘቀጠው ቀጭኑን ቱቦ ይደፍናል፤ ፈንገሱ ዘንድ የሚደርሰውም ስንት እንደሆነ አይታወቅም። ስለዚህ መጀመሪያ በ10 ሚሊ ሊትር ንጹሕ የመርፌ ውሃ በጥብጡት፤ ጥርት እስኪል ነቅንቁት፤ ከዚያ በዴክስትሮስ አቅጥኑት። ቱቦው በሳላይን ታጥቦ ከነበረ በዴክስትሮስ እንደገና ይታጠብ። ዋርድ ውስጥ ሳላይን ሁልጊዜ ቅርብ ነው፤ ቅርብ ስለሆነ ብቻ የሚያነሱ ባልደረቦቼን አልደግፍም። መለያውን ማንበብ የደቂቃ ሥራ ነው። አንዲት ሲስተር ሌላ ሰው የበጠበጠውን ሲሪንጅ ብርሃን ላይ አንሥታ አይታ፣ «ይሄ ደፍርሷል፣ በሽተኛዬ ውስጥ አይገባም» ስትል ሰምቻለሁ። ያን ዕለት ያከበርኳትን ያህል ጥቂት ሰው አክብሬአለሁ።

የመተማና የሁመራ የካላዛር ሐኪሞች በስብ የተሸፈነውን የዚሁ መድኃኒት ዓይነት ያውቁታል፤ እሱም ሳላይን አይወድም።

መድኃኒቱ ከገባ በኋላ ቱቦው ይቆለፋል፤ ታማሚው ፈሳሹ ጉድጓዱ ውስጥ እንዲቆይ በሚያደርግ ጎን ይተኛል። ሳል ይመጣል፤ ደረት ሊያም፣ አየር ከሳንባ ሊያመልጥም ስለሚችል ክትትል ያስፈልጋል። በየቀኑ ለተከታታይ ቀናት ይደገማል። ደሙ የሚቆምላቸው ብዙዎች ናቸው፤ ነገር ግን ድቡልቡሉ ሳይጠፋ ደም ሊቆም ስለሚችልና ደሙም ተመልሶ ሊመጣ ስለሚችል፣ ከወራት በኋላም ቢሆን ራጅ መነሣትና ሐኪም ዘንድ መመለስ አይቀርም።